አምበሉን ማን ሸጠው?

የእግር ኳስ ደጋፊ በክረምት ሥራ ፈት ነው። ሊጉ ተዘግቷል፣ ውጪ ዝናብ ነው፣ የዲኤስቲቪ ቤቶቹም ሰው ናፍቋቸዋል። የቀረው ወሬ ብቻ ነው፤ ማን ሊመጣ ነው፣ ማን ሊሄድ ነው፣ በስንት? የአርሰናል ደጋፊ ከሆኑማ የዝውውሩ ወራት ከውድድሩ ወራት ይልቅ ልብ ያደክማሉ። ሌላው ደጋፊ «ማንን እንገዛ ይሆን?» ሲል፣ የመድፈኞቹ ደጋፊ ለብዙ ዓመታት «ዘንድሮስ ማንን ይሸጡብን ይሆን?» እያለ ነው ክረምቱን የገፋው።

ስታዲየም አካባቢ ዝናብ አባሮን በገባንባት አንዲት ቡና ቤት የሰማነውም ይሄንኑ ነው። አራት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበዋል። ሁለቱ አርሰናሎች ናቸው፤ አንደኛው ፀጉራቸው ሸበት ያለ ጎልማሳ፣ ሌላው ሃያዎቹን ያልጨረሰ ወጣት። ሦስተኛው የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነው። አራተኛው ማኪያቶውን እያማሰለ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ወሬው የተጀመረው በአዳዲስ ፈራሚዎች ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ግን፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ተንሸራቶ 2012 ላይ አረፈ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጋሼ፣ እውነቱን እንነጋገር ካልን ሰውየውን የሸጠው ቬንገር ነው» አለ ወጣቱ።

«አንተ ልጅ፣ ቬንገር አልሸጠም። ራሱ ነው የሄደው። አልፈርምም ብሎ ጽፎ እኮ ነው የሄደው!»

«እሺ ራሱ ይሂድ። ለማንዩ ይሸጥ ያለው ግን ማነው? ዓለም ላይ ሌላ ክለብ ጠፋ?»

የዩናይትዱ ደጋፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «24 ሚሊዮን ሰጠናችሁ፤ በዓመቱ ዋንጫችንን ወሰድን። ሒሳብ ተዘጋ። እናንተ ምን ያጨቃጭቃችኋል?»

ጎልማሳው ስኒያቸውን ጠረጴዛው ላይ ቀጭ አደረጉ። አስተናጋጇ ሳትቀር ሳቀች።

«ሰውየው» ሮቢን ቫን ፐርሲ ነው። ሆላንዳዊው ጫማውን ከሰቀለ ቆይቷል፤ አሠልጣኝነት ውስጥም ገብቷል። የሱ ሽያጭ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ገና አላለቀም። ያኔ ሕፃን የነበሩ ልጆች ዛሬ ያዩት ያህል ይከራከሩበታል። እኛም ከዚያች ቡና ቤት ወጥተን መዝገቡን አገላበጥን። ያገኘነው ሁለቱንም ወገን የሚያስደስት አይመስለንም።

እስኪ ነገሩን ከመነሻው እንየው። ቫን ፐርሲ በ2004 ከፌይኖርድ ሲመጣ የተከፈለበት 2.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ስምንት ዓመት ኖረ። ከስምንቱ ብዙውን በጉዳት ነው ያሳለፈው፤ ደጋፊው ግን «ይሄ ልጅ አንድ ዓመት ጤና ቢያገኝ» እያለ በትዕግሥት ጠበቀው። ያቺ አንድ ዓመት በ2011/12 መጣች። ሴስክ ፋብሪጋስ ወደ ባርሴሎና ሄዶ አምበልነቱ ለሱ ተሰጥቶ ነበር። 30 የሊግ ጎል አገባ፤ በሁሉም ውድድሮች 37። ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ የተጫዋቾቹም የጋዜጠኞቹም ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ብለው ሸለሙት። አርሰናል ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ከዚያ ጁላይ 4 ቀን 2012 መጣ። ቫን ፐርሲ በራሱ ድረ ገጽ ላይ መግለጫ አወጣ፤ ክለቡ ወደፊት በሚሄድበት መንገድ አልተስማማሁም፣ አዲስ ውል አልፈርምም የሚል። በእጁ ያለው ውል ሊያልቅ የቀረው አንድ ዓመት ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ክለቦች መስማማታቸው ተነገረ። ዋጋው ከነጭማሪው 24 ሚሊዮን ፓውንድ፤ ገዢው የሰር አሌክስ ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድ። ሲፈርም ስለ ዩናይትድ የሚጮህ ትንሽ ልጅ በውስጤ አለ የሚል ነገር ተናገረ። ያቺ «ትንሽ ልጅ» የምትባል ነገር ለአርሰናል ደጋፊ ከዋጋውም በላይ ቁስል ሆነች። ስምንት ዓመት የት ነበር ልጁ? ጉዳት ላይ በነበረበት ጊዜ ለምን አልጮኸም?

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። ያ ሳምንት ለኢትዮጵያውያን የኳስ ሳምንት አልነበረም። ነሐሴ 10 ቀን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ አረፉ፤ ነሐሴ 15 ቀን ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ዕረፍት ተነገረ። አገር ሌላ ወሬ ላይ ነበር። ስለዚህ የአርሰናል ደጋፊ በወጉ እንኳ አልተናደደም፤ ንዴቱን አጠራቅሞ ለጥቅምትና ለሚያዝያ አቆየው ማለት ይቻላል።

ኖቬምበር 3 ቀን ቅዳሜ ኦልድ ትራፎርድ። ጨዋታው ከተጀመረ ገና ሦስተኛ ደቂቃ። ከቫን ፐርሲ በኋላ አምበልነቱን የተረከበው ቶማስ ቨርማለን ኳሷን አወጣለሁ ብሎ ሳታት። ኳሷ ደግሞ ዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ መርጣ የቀድሞው አምበል እግር ሥር ሄደች። ጎል። ቫን ፐርሲ እጁን ከፍ አድርጎ አልጨፍርም አለ። እዚህ ግን ዩናይትዶች ስለሱም ጨፈሩለት። ከዚያ በኋላ ምላጭ ይዞ ከቆመ የዩናይትድ ደጋፊ ፀጉር አስተካካይ ፊት መቀመጥ ምን እንደሚመስል አርሰናሎች ያውቁታል።

በኤፕሪል 22 ቀን 2013 ቫን ፐርሲ አስቶን ቪላ ላይ ሦስት አገባና ዋንጫውን አረጋገጠ። በስድስተኛው ቀን የሊጉ መርሐ ግብር ሻምፒዮኑን ወደ ኤምሬትስ ላከው። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ሆሳዕና ነበር። የአርሰናል ተጫዋቾች በሁለት ረድፍ ቆመው፣ በልማዱ መሠረት፣ ለሻምፒዮኑ አጨበጨቡ፤ የራሳቸው የትናንት አምበል በመሀላቸው አለፈ። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። የዩናይትድን ጎል በፍጹም ቅጣት ምት ያገባው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

እንግዲህ «ዋንጫውን ሸጥንላቸው» የሚለው ክርክር ከዚህ የመጣ ነው። ወጣቱም ይህን ነው የሚለው። ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ሰውየው 26 የሊግ ጎል አግብቶ ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት ኮከብ አግቢ ሆኗልና። የነጥብ ሰንጠረዡን ሲገልጡት ግን ነገሩ ይወሳሰባል።

ዩናይትድ በ2011/12 ያለ ቫን ፐርሲ ስንት ነጥብ ሰበሰበ? 89። ዋንጫውን በጎል ልዩነት ለማንቸስተር ሲቲ አስረከበ። በ2012/13 ቫን ፐርሲን ይዞ ስንት ሰበሰበ? 89። አንዲት ነጥብ አልጨመረም። ጎል እንኳ ከ89 ወደ 86 ወርዷል። የተለወጠው ሲቲ ነው፤ ከ89 ወደ 78 ወረደ። ዩናይትድ በ89 ነጥብ ዋንጫ አጥቶ፣ በዓመቱ በዚያው በ89 ነጥብ ዋንጫ ወሰደ።

አርሰናልስ? ከቫን ፐርሲ ጋር 70 ነጥብና 74 ጎል ነበረው። ያለ ቫን ፐርሲ 73 ነጥብና 72 ጎል። የ30 ጎል ሰው የሄደበት ቡድን በድምሩ የጎደለው ሁለት ጎል ብቻ ነው! በዚያ ክረምት ከተገዙት መካከል ሳንቲ ካዞርላ 12፣ ሉካስ ፖዶልስኪና ኦሊቪየር ዢሩ 11፣ 11 አገቡ፤ የቆየው ቲዮ ዋልኮት 14 ጨመረ። የተቆጠረበት ጎል ደግሞ ከ49 ወደ 37 ቀነሰ። አራተኛ ሆኖ ቶተንሃምን በአንድ ነጥብ በልጦ ቻምፒየንስ ሊግ ገባ።

ይህን ቁጥር ለወጣቱ ብንነግረው ምን እንደሚለን እናውቃለን፤ «ሩኒን አይተኸዋል?» ነው የሚለው። ትክክል ነው። ዋይኒ ሩኒ በ2011/12 27 የሊግ ጎል ነበረው፤ በቀጣዩ ዓመት 12 ላይ ወርዷል። ቫን ፐርሲ ባይኖር ኖሮ ዩናይትድ 89 ላይ ይደርስ ነበር ብሎ የሚምል ሰው የለም። ፈርጉሰንም የገዙት ጎል ለመጨመር ሳይሆን የሚጎድለውን ቀድሞ ለመሙላት ይመስላል፤ በዚያው ዓመት ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ የሦስት ዓመት ዕቅድ አላስፈለገውም። ቫን ፐርሲ በቀጣዩ ዓመት 12፣ በመጨረሻው 10 የሊግ ጎል አግብቶ በ2015 ወደ ፌነርባቼ ሄደ። አርሰናል በዚያው ጊዜ የ2014ንና የ2015ን የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ አነሣ። ጎልማሳው በዚህ ነው የሚጽናኑት።

ግን ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ነሐሴ ነው። ይሸጥ ወይስ አይሸጥ? 24 ሚሊዮን ይበቃል ወይስ አይበቃም? ለማንዩ ወይስ ለዩቬንቱስ? በነሐሴ ግን የሚወሰን ነገር አልነበረም። ጉዳዩ ያለቀው ከዚያ በፊት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቦስማን ፍርድ በኋላ፣ ማለትም ከ1995 መጨረሻ ጀምሮ፣ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ክለቡ አምስት ሳንቲም ሳያገኝ ወደፈለገበት ይሄዳል። ስድስት ወር ሲቀረው ደግሞ ከሌላ አገር ክለብ ጋር በይፋ መነጋገር ይችላል። ስለዚህ አምስት ዓመት የቀረው ተጫዋች የክለቡ ንብረት ነው፤ ሁለት ዓመት የቀረው እኩል በእኩል ነው፤ አንድ ዓመት የቀረው ግን ዕጣውን በራሱ እጅ ይዟል። አርሰናል ቫን ፐርሲን በ2012 ላለመሸጥ ይችል ነበር። ያኔ በ2013 በነፃ ይሄዳል፤ ወደ ኦልድ ትራፎርድም ቢሆን። «ለሌላ ይሸጥ» የሚለውም ያው ነው፤ የሲቲም የዩቬንቱስም ስም አብሮ ተነሥቶ ነበር። ተጫዋቹ ግን እሺ ካላለ ስምምነት ብቻውን ምን ይሠራል? አንድ ዓመት የቀረው ሰው መራጩ እሱ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ሁለት ዓመት ሲቀረው ነበር፤ በ2011 ክረምት። ያን ክረምት የአርሰናል ደጋፊ የረሳው አይመስለንም። ፋብሪጋስ ሄደ፤ እሱ ረጅም ውል ነበረው፤ ልቡ ግን ካደገበት ቤት ባርሴሎና ቀርቶ ነበር። ሳሚር ናስሪና ጋኤል ክሊሺ ወደ ሲቲ ሄዱ። ሁለቱም ልብ ይበሉ፣ አንድ አንድ ዓመት የቀራቸው ነበሩ! ኦገስት 28 ቀን ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ሆነ። ከሁለቱ የአርሰናል ጎሎች አንዷ የቫን ፐርሲ ናት፤ ፍጹም ቅጣት ምትም ዴ ኼያ አድኖበታል። ከዚያ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ፣ የገበያው በር ሊዘጋ ሲል፣ ሜርተሳከር፣ አርቴታ፣ አንድሬ ሳንቶስ፣ ፓርክ ቹ ዮንግ ተገዙ፤ ቤናዩን በውሰት መጣ። ገበያ ሲበተን እንደደረሰ የበዓል ሸማች ማለት ነው።

እንግዲህ ራስዎን በቫን ፐርሲ ቦታ ያስቀምጡ። ዕድሜ 28። አጠገብዎ የነበረው ፋብሪጋስ የለም፤ ናስሪ የለም፤ ስምንት ጎል ተቆጥሮብዎታል። በዚያ ሳምንት «አራት ዓመት ጨምረህ ፈርም» ቢባሉ እጅዎ ይነሣል? የኛ ግምት አይነሣም ነው። ፋብሪጋስና ናስሪ ሲሸጡ ቫን ፐርሲ አብሮ ተሸጧል፤ ርክክቡ ብቻ ነው አንድ ዓመት የዘገየው።

ጎልማሳው እዚህ ላይ የሚያነሡት መከላከያ አለ፤ ስታዲየሙ። አያንሱም ማለት አይቻልም። አርሰናል በ2006 38 ሺህ ሰው ከሚይዘው ሃይበሪ 60 ሺህ ወደሚይዘው ኤምሬትስ ሲገባ ግንባታው 390 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል፤ 260 ሚሊዮን ያህሉ ብድር ነበር። ገንዘቡን ቶሎ ለማግኘት ሲባልም የስታዲየሙ ስምና የማሊያው ማስታወቂያ በ2004 ለረጅም ዓመታት በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። የማስታወቂያ ዋጋ በየዓመቱ ሲንር የአርሰናል ግን የድሮው ላይ ቀረ። በ2003 አብራሞቪች ቼልሲን፣ በ2008 ሼክ መንሱር ሲቲን ገዝተዋል። ቬንገር በዚህ መሀል በየዓመቱ አራተኛ ደረጃን እንደ ዋንጫ ሲቆጥሩ እንስቅባቸው ነበር፤ የባንኩ ዕዳ ግን የሚከፈለው በቻምፒየንስ ሊግ ገንዘብ ነው።

ምፀቱን ይዩት። ቫን ፐርሲ የሄደው በኦገስት ነው። በኖቬምበር፣ በሦስት ወሩ፣ አርሰናል ከኤምሬትስ አየር መንገድ ጋር 150 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ አዲስ ስምምነት ተፈራረመ። በዓመቱ ሜሱት ኦዚልን በ42.5 ሚሊዮን ገዛ። ገንዘቡ እየመጣ ነበር። አምበሉ መጠበቅ አልፈለገም፤ ወይም እንዲጠብቅ የሚያሳምነው ሰው አልተገኘም።

የድሮዎቹ ሽያጮች ለምን እንዲህ አላመሙንም የሚል ካለ ልዩነቱ ይኸው ነው። ፓትሪክ ቪዬራ በ2005 ወደ ዩቬንቱስ ሲሄድ 13.7 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለበት። በአርሰናል ማሊያ የመታት የመጨረሻ ኳስ በካርዲፍ ዩናይትድን ያሸነፈችው የኤፍኤ ካፕ ፍጹም ቅጣት ምት ናት፤ ከዚህ የተሻለ ስንብት የለም። በቦታው ገና 18 ዓመቱ የነበረው ፋብሪጋስ ገባ። ቲዬሪ ሄነሪ በ2007 በ16 ሚሊዮን ፓውንድ ባርሴሎና ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት አደባዮር 24 የሊግ ጎል አገባ። ኒኮላ አኔልካ ደግሞ አለ፤ በግማሽ ሚሊዮን መጥቶ በ1999 በ22 ሚሊዮን ገደማ ሪያል ማድሪድ ሲገባ በከፊል ገንዘቡ ሄነሪ ተገዛ። በዚያ ዘመን «ቬንገር ያውቃል» ይባል ነበር፤ እውነትም ያውቅ ነበር። የሚሸጠው ክለቡ ሲፈልግ፣ ውል ሳያልቅ፣ ወደ ውጭ አገር ነው። ቪዬራም ሄነሪም ሠላሳ ሊሞላቸው ሲሉ ነው የሄዱት። በ2011 እና በ2012 የመሸጫውን ቀን የወሰነው ቬንገር ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የአርሰናል ደጋፊ ባይወደውም እንናገረዋለን። በ2001 ሶል ካምቤል የቶተንሃም አምበል ነበር። ውሉን ጨረሰና አንድ ፓውንድ ሳይከፈልበት ከተማ እንኳ ሳይቀይር አርሰናል ገባ። እኛ ያኔ ምን አልን? «ቬንገር ያውቃል» አልን፤ ሳቅን። የቶተንሃም ደጋፊ ይሁዳ ሲለው «ሥራው ነው፣ ሙያተኛ ነው» አልን። ቫን ፐርሲ ሲሄድ ሙያተኛ ያለው አርሰናል አልሰማንም። ቢያንስ በሱ 24 ሚሊዮን ገብቷል።

«ያኔ ቢቀር ይሻል ነበር» የሚሉት ሰዎች ምኞታቸው በኋላ ደርሷል፤ እሱም ይታወስ። በ2017 ክረምት አሌክሲስ ሳንቼዝ አንድ ዓመት ቀረው። ሲቲ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ይዞ መጣ። አርሰናል ምትክ ይሆናል ያለውን ቶማ ሌማርን ከሞናኮ ማግኘት ስላልቻለ በመጨረሻው ቀን ሽያጩ ፈረሰ። ደጋፊው ደስ አለው፤ አልተሸጠም! በስድስት ወሩ፣ ጃንዋሪ 2018፣ ሳንቼዝ ያለ ገንዘብ በሚኪታሪያን ተለውጦ ዩናይትድ ገባ። እርግጥ በዩናይትድ 45 ጨዋታ አድርጎ 5 ጎል ነው ያገባው፤ ስለዚህ በዚህኛው የሳቀው ሌላ ወገን ነው። የጠፋው 60 ሚሊዮን ግን የሳቅ አይደለም።

በዚያው ወቅት የኦዚልም ውል ሊያልቅ ነበር። ሁለቱንም ማጣት ያስፈራው ክለብ ለኦዚል በሳምንት 350 ሺህ ፓውንድ እንደሚደርስ የተነገረለት ውል ሰጠ። የሆነውን እናውቃለን፤ ከማርች 2020 በኋላ አልተሰለፈም፣ በጃንዋሪ 2021 ሄደ። አሮን ራምሴ በ2019 በነፃ ዩቬንቱስ ገባ። አምበሉ ኦባሜያንግ በ2020 «ፈርም፣ ፈርም» ተብሎ ለሦስት ዓመት ፈረመ፤ በዲሴምበር 2021 አምበልነቱን ተነጠቀ፣ በፌብሩዋሪ 2022 በነፃ ባርሴሎና ገባ። ሽጡም አትሽጡም ያሉት ሁሉ በተራቸው ትክክል ሆነው በተራቸው ተሳሳቱ። ዘግይቶ መፈረም እንደ ዘግይቶ መሸጥ ነው፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይብሳል።

ነገሩ የተለወጠው በ2023 ነው። በዚያች አንድ ዓመት ውስጥ ማርቲኔሊ፣ ሳካ፣ ሳሊባና አምበሉ ኦዴጎር ተራ በተራ ረጅም ውል ፈረሙ። ደክላን ራይስ በ105 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመጣ ቡና ቤቱ ሁሉ የራይስን ዋጋ ሲያወራ ከረመ፤ ስለ ሳሊባ ፊርማ ግን ሁለት ቀን እንኳ አልተወራም። ለክለቡ ግን እነዚያ ፊርማዎች ከግዢው አያንሱም። አሠልጣኙ ደግሞ ማነው? ከ8 ለ 2 በኋላ በመጨረሻው ቀን በጥድፊያ የተገዛው ሚኬል አርቴታ ነው፤ በዲሴምበር 2019 ነበር አሠልጣኝ ሆኖ የተመለሰው። ያን ክረምት ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው ነው፤ አምበሉ የሄደበትንም ቀን እንዲሁ።

እኛ አዲስ አበባ ላይ ሆነን ይህን ሁሉ ስንከራከር አንድ የሚገርም ነገር አለ። ትኬት አንገዛም፤ ቦርድ አንመርጥም፤ ስታዲየሙ በር ላይ ቆመን መቃወሚያ አንይዝም። ያለን የቡና ቤት ወንበር፣ የኤፍኤም ሬዲዮ የስልክ መስመርና በየሚኒባሱ መስታወት ላይ የለጠፍነው ዓርማ ነው። ታዲያ ንዴቱ ከለንደኑ ደጋፊ ያንሳል የሚል ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣና ይይ።

ወደ ቡና ቤታችን እንመለስ። ዝናቡ አባራ። ወጣቱ ሒሳብ ልክፈል አለ፤ ጎልማሳው «እኔ እያለሁ!» ብለው ከለከሉት። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ የቆየው አራተኛው ሰው ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው።

«ጋሼ፣ የቫን ፐርሲ ማሊያ ነበረዎት አይደል? ያቺ ባለ 10 ቁጥሯ?»

«አለች።»

«አልጣሏትም?»

«ምን በወጣኝ! ገንዘብ አውጥቼባታለሁ እኮ። ስሙን በፕላስተር ሸፍኜ ሁለት ዓመት ለበስኳት።»

«አሁንስ?»

«አሁን ትንሹ ልጄ ይተኛባታል። ፕላስተሩን ልጦ ጣለው» አሉና ጃንጥላቸውን ይዘው ተነሡ።